የአንድ ዶላር ጀልባ

ሲያትል ለሚኖር ሐበሻ “ጀልባ ገዛሁ” ብሎ ማውራት አይመከርም። ቤት የገዛ “እንኳን ደስ ያለህ” ይባላል። መኪና የገዛ “ስንት ማይል ሄዳለች?” ተብሎ ይጠየቃል። ጀልባ ገዛሁ ያለ ሰው ግን ወሬው ገና ሳይጋመስ አሰብ ላይ ያርፋል። እኔም ቼሪ ጎዳና ላይ ቡና እየጠጣን ዜናዬን ሳበስር ጠረጴዛው በአንድ አፍታ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የቀይ ባሕርን ታሪክ ይተነትናል፣ ሌላው የጂቡቲን ወደብ ኪራይ ሒሳብ ይሠራል፣ ከዳር የተቀመጠው ወዳጄ ደግሞ ሁለቱንም “እናንተ ገና ዋና አትችሉም” እያለ ያበግናል። “ለመሆኑ ጀልባህ ትንሳፈፋለች?” ያለኝ ሰው የለም። ፓምፑ እስከሠራ ድረስ ትንሳፈፋለች።

የነገሩ ሁሉ መነሻ የፍሪሞንት ድልድይ ነው። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነኝ፤ መስመሬም ለብዙ ጊዜ በዚያ ድልድይ ላይ ያልፍ ነበር። ድልድዩ ከውኃው ከፍ የሚለው 9 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ረጅም ምሰሶ ያላት ጀልባ በመጣች ቁጥር ደወል ይደወላል፣ መንገዱ ይዘጋል፣ ድልድዩም መሐል ለመሐል ተከፍቶ ሁለት ክንፉን ወደ ሰማይ ያነሣል። እኔ ሰው ጢም አድርጌ ጭኜ ቆሜያለሁ። ሥራ የረፈደበት፣ የሐኪም ቀጠሮ ያለበት፣ ልጁን ከመዋያ የሚያወጣ ሁሉ ማጅራቴን በዓይኑ ይበሳዋል። ከታች ደግሞ አንድ የገለባ ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ በአንድ እጁ ስኒ ይዞ፣ ያ ሁሉ ሰው ቆሞ ሲጠብቀው ቀና ብሎ እንኳን ሳያይ ቀስ ብሎ ያልፋል። ለዓመታት ረገምኩት። አንድ ቀን እየረገምኩት ሳለ፣ ስኒው ውስጥ ያለው ቡና ይሁን ሻይ ለማየት አንገቴን አሰገግኩ። ያኔ ነገሩ አልቆለታል።

ጀልባዋን ያገኘኋት ሌክ ዩኒየን ዳር፣ አረንጓዴ ሻጋታ ለብሳ ታስራ ነው። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ የሙዚቃ አስተማሪ ነበሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ ካላቸው ሰንብቷል። ዋጋዋን ስጠይቃቸው “አንድ ዶላር” አሉኝ። የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። “ወረቀቱ ላይ የሆነ ቁጥር መጻፍ ስላለበት ነው” አሉ። የአሮጌ እንጨት ጀልባ ገበያ እንዲህ ነው። ዕቃዋን የሚፈልግ የለም፤ ዋጋ ያለው የምትታሰርበት ቦታ ኪራይ፣ ቀለሙ፣ ምስማሩ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሚሠራላት እጅ ነው። ዶላሯን ተቀብለው ኪሳቸው ሲከቱ ፊታቸው ላይ ያየሁትን እፎይታ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ወግ ባልተጻፈ።

ዓይነቷ ፎክቦት ይባላል፤ የሕዝብ ጀልባ እንደማለት። በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ፣ ጦርነቱ አውሮፓን እያነደደ ሳለ፣ የስካንዲኔቪያ የጀልባ ማኅበራት አንድ ውድድር አወጡ፦ ርካሽ፣ ጠንካራ፣ ተራ ሠራተኛ ቤተሰቡን ይዞ ቅዳሜና እሑድ የሚወጣባት ጀልባ ንድፍ አምጡ። ብዙ ንድፍ መጣ፤ አንደኛ የሚባል ግን ጠፋ። ዳኞቹም ከቀረበው ሁሉ ጥሩ ጥሩውን አውጣጥቶ አንድ እንዲያደርገው ቶርድ ሱንደን ለሚባል ስዊድናዊ ሰጡት። ኮሚቴ ተሰብስቦ ደህና ነገር ሲወልድ እኔ የማውቀው ይህን ብቻ ነው። ርዝመቷ 7.68 ሜትር፣ ወርዷ 2.20 ሜትር ነው። ጣውላዎቿ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የአንዱን ጫፍ ደርቦ በመዳብ ምስማር ተያይዘዋል። ከሥሯ አንድ ቶን የሚሆን ብረት ተንጠልጥሏል፤ ነፋስ ሲገፋት እንዳትገለበጥ የሚያደርጋት እሱ ነው። ውስጧ ቀጥ ብሎ መቆም የሚባል ነገር የለም። ሱሪ የሚለበሰው ተጋድሞ ነው።

ባለቤቴ መጥታ አየቻት። አንድ ጊዜ ከፊት፣ አንድ ጊዜ ከኋላ አይታ “ይቺ ናት?” አለች። ተዘጋጅቼ ነበር። በ1960 እ.ኤ.አ. አትላንቲክን ለብቻ የማቋረጥ የመጀመሪያው ውድድር ሲደረግ፣ ብሎንዲ ሃስለር የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ከፎክቦት በወጣች፣ ጄስተር በምትባል ጀልባ በ48 ቀን ተሻግሮ ሁለተኛ መውጣቱን ተረኩላት። በጥሞና ሰማችኝ። “ሚስት ነበረችው?” አለች። ይህን አላጠናሁም። ማታ ፈልጌ አገኘሁት፤ ያገባው በ1965 እ.ኤ.አ. ነው። ሄጄ ነገርኳት። “አላልኩህም?” አለች። ምንም ያለችው ነገር አልነበረም እኮ!

አሁን ወደ በሽታው ልምጣ። አሮጌ ጀልባ የምትመረመረው በካቻቢቴ ነው። ጫፉን ጣውላው ላይ ጠቅ ታደርጋለህ፤ ደህና እንጨት ይመልስሃል፣ የታመመው ዝም ብሎ ያስገባሃል። ከውኃ በታች ያለው ገላዋ ብዙው ደህና ነበር። ከላይ፣ ወለሉና ጎኗ በሚገናኙበት ጥግ ላይ ግን ካቻቢቴው እስከ እጀታው ገባ። ስስበው እርጥብ ቡናማ ፍርፋሪ ይዞ ወጣ፤ በጣቶቼ ሳሸው ዱቄት ሆነ። እኔ ጀልባን የሚጨርሳት ባሕር ይመስለኝ ነበር። ባሕር ግን ጨው ነው፤ እንጨት የሚያበሰብሰው ፈንገስ ጨው አይስማማውም። ጀልባ የምትሞተው ከላይ በሚወርደው ዝናብ ነው። በወለሉ ስንጥቅ ገብቶ አየር በማያገኘው ጥግ ይተኛና ሥራውን በጸጥታ ይሠራል። ለሲያትል ሰው ደግሞ ዝናብ ምን እንደሆነ አይነገረውም። በድሮ ጊዜ የእንጨት መርከብ ሠሪዎች በጎድኖቹ መሐል ጨው ይሞሉ እንደነበር አንብቤ ለአጎቴ ብነግራቸው፣ “አሞሌ ለከብት ብቻ ነው ያለህ ማነው?” አሉኝ።

አጎቴን አላስተዋወቅኋችሁም። የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። በ1965 ዓ.ም. በጎረምሳነታቸው ምፅዋ ወርደው ባሕር ኃይል ገቡ፣ የሞተር ክፍል ሰው ሆኑ። የሠሩባት መርከብ “ኢትዮጵያ” ናት፤ የባሕር ኃይላችን ትልቋ መርከብ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደ የመን ስትሸሽ አብረው ተሻገሩ። እሷ እዚያው ቀርታ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። እሳቸው በስደተኛ ወረቀት እዚህ ገብተው፣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ትኬት ሲቆርጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። ስለ ባሕር አያወሩም። ስለ ሞተር ግን ለቅሶ ቤትም ቢሆን ያወራሉ። ሸራን ይንቁታል፤ “ሸራ የናፍጣ መግዣ ያጣ ሰው ሥራ ነው” ይላሉ። ጀልባዋ ሸራ ብቻ ሳይሆን ኋላዋ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ሞተርም እንዳላት ስነግራቸው ነው ለማየት የፈቀዱት። ሞተሯን ከፍተው፣ አሽትተው፣ “ማነው እንዲህ የበደላት?” አሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚጠራቸው ሰው ሳያስፈልግ ይመጡ ጀመር።

ጥገናው የሚሠራው ፖርት ታውንሰንድ ነው፤ ከሲያትል ወደ ሰሜን፣ ባሕሩ ወደ ውቅያኖሱ በሚወጣበት አፍ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ። እዚያ ለመድረስ መጀመሪያ የፍሪሞንትን ድልድይ ማስከፈት፣ ቀጥሎ ሐይቁን ከባሕሩ የሚለዩትን የባላርድን በሮች ማለፍ አለብን። ሁለቱም በ1917 እ.ኤ.አ. የተከፈቱ ናቸው። ድልድይ የሚያስከፍት ጀልባ ጥሩምባ ይነፋል፣ አንድ ረጅም፣ አንድ አጭር። አጎቴ ነፉት። ደወሉ ተደወለ፣ መኪናው ቆመ። ቀና ብል ከሁሉ ፊት የቆመው የእኛው አውቶቡስ ነው። መስታወቱ ውስጥ የማውቀው ሾፌር እጁን አጣምሮ ወደ ታች ያየኛል። ስኒዬን ወለሉ ላይ አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ፤ የሚፈታ ገመድ ያለ ይመስል።

የባላርድ በሮች ነገር እንዲህ ነው። ሐይቁ ከባሕሩ 6 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ጀልባ ወደ ገንዳው ይገባል፣ ከኋላው በሩ ይዘጋል፣ ውኃው ይወርዳል፣ ከፊቱ ይከፈትለታል። ሕጉ አጭር ነው፦ 15 ሜትር የሚሆን ገመድ ይዛችሁ ኑ፣ ውኃው ሲወርድ ቀስ እያላችሁ ልቀቁት። አጎቴን ከፊት አቆምኳቸው። ሠራተኛው ገመዱን ተቀብሎ ግድግዳው ላይ አዞረው፣ አጎቴም በእኛ በኩል ያለውን ገመድ ለማሰሪያ በተሠራው የነሐስ ቀንድ ላይ ቋጠሩት። ቋጠሮው የባሕር ኃይል ቋጠሮ ነበር፤ 95 ሜትር የምትረዝም መርከብ የሚይዝ። ውኃው መውረድ ጀመረ። ከኋላ ወረድን። ከፊት አልወረድንም።

ጀበናው ከውስጥ ተንሸራቶ እግሬ ሥር መጣ። ከላይ ሠራተኛው “ልቀቁት!” እያለ ይጮኻል። “ጋሼ፣ ይልቀቁት!” እኔም እጮኻለሁ። ክብደት ያረፈበት ቋጠሮ ግን በልመና አይፈታም። ቢላ ስዘረጋላቸው ተቆጡ፤ “ገመድ በቢላ! ነውር አታውቅም?” ውኃው ግን ክርክሩ እስኪያልቅ አልጠበቀንም። የነሐሱ ቀንድ ከነብሎኑ፣ ከነበሰበሰው የወለል እንጨት ተገንጥሎ አየር ላይ ተንጠለጠለ፤ ጀልባዋ በአፍንጫዋ ውኃው ላይ ተላተመች፤ በአጥሩ ላይ ተደግፈው የሚያዩት ቱሪስቶች አጨበጨቡ። አጎቴ ከወደቁበት ተነሥተው፣ ኮፍያቸውን አስተካክለው፣ ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘውን ቀንድ ቀና ብለው አዩት። “ቋጠሮው አልተፈታም” አሉ።

ፖርት ታውንሰንድ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ ላይ የአካባቢው ታላቅ ወደብ እሆናለሁ ብላ ያማሩ የጡብ ሕንፃዎች ገትራ ባቡር ስትጠብቅ የቀረች ከተማ ናት። ባቡሩ ሌላ ጋ ሄደ። ሕንፃዎቹ ቀሩ፣ እንጨት የሚወዱ ሰዎች መጡባቸው። ከ1977 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየመስከረሙ በእነሱ አቆጣጠር የእንጨት ጀልባ በዓል ይከበራል። የጀልባ መጠገኛው ግቢ ባለቤቱ ራሱ እንዲሠራ ይፈቅዳል፤ ይህ ለኪስ ጥሩ ነው፣ ለነርቭ ግን አይደለም። መሮ ባነሣህ ቁጥር ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ጢማም ሰውዬ አጠገብህ ቆሞ ቡናውን እየጠጣ “እኔ ብሆን እንዲህ አላደርገውም” ይልሃል። ሁለት ጢማም ከተገናኙ ደግሞ ስለ አንተ ጀልባ እርስ በርስ ይጣላሉ፤ አንተ መሮህን ይዘህ ትጠብቃለህ። ጆን ስታይንቤክ በ1940 እ.ኤ.አ. ወደ ካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ የሄደባት “ዌስተርን ፍላየር” እዚያው ግቢ ነበረች። ደጋግማ ሰጥማ ደጋግማ የወጣች ጀልባ ናት፤ ብዙው ጣውላዋ ተቀይሮ በ2022 ወደ ውኃ ተመለሰች። አጎቴ ዞረው አይተዋት “ይቺማ ልጇ ናት” አሉ።

ባለቤቴ አንድ ቅዳሜ መጣች። በጎረቤት መንደር ያለ የእንጨት ጀልባ ትምህርት ቤት የጀመረው “ፌሊሲቲ አን” የምትባል ጀልባ ጥገና ነበር። አን ዴቪሰን የምትባል ሴት በ1952 እና 53 እ.ኤ.አ. በእሷ አትላንቲክን ብቻዋን ተሻግራለች፤ ከሴቶች የመጀመሪያዋ። ይህን ስነግራት ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኗ በራ። ጠጋ ብላ ጠየቀችኝ፣ አብራራሁላት፣ ነገሩ ጥሩ እየሄደ ነበር። “ባሏስ?” አለች። ባሏ ከዚያ በፊት በ1949 አብረው ሲጓዙ በመርከብ አደጋ ባሕር ላይ ነው የሞተው። ባለቤቴ መጀመሪያ እኔን፣ ቀጥሎ ጀልባዋን አየች፤ ወደ ቤት ስንመለስ ስለ ሕይወት ዋስትና ጠየቀችኝ።

የጀልባዋ ጎድኖች ወደ ሆዷ በሚታጠፉበት ቦታ ላይ ተሰንጥቀው ነበር። መድኃኒቱ አዲስ ኦክ በእንፋሎት አለስልሶ፣ አጥፎ ከጎናቸው ማስገባት ነው። ለአንድ ኢንች ውፍረት አንድ ሰዓት እንፋሎት፤ ደንቡ ይህ ነው። ከጣውላ ረጅም ሳጥን ሠራን፣ የግድግዳ ወረቀት ለመላጥ የሚያገለግል የእንፋሎት ማፍያ አያያዝንለት። የመጀመሪያውን ኦክ ከትልቅ መደብር ነበር የገዛነው፤ በምድጃ የደረቀ፣ ልሙጥ፣ የሚያምር። አንዱን አወጣን፣ ገፋነው፣ ጧ! ሁለተኛው ጧ! አጎቴ “የአሜሪካ እንጨት አጥንት የለውም” አሉ። ከማዶ የሚሠራ አንድ ሽማግሌ አናጢ መጥቶ ስባሪውን አንሥቶ አየና “ይሄ የወንበር እንጨት ነው” አለን፤ ለእኛ የሚሆነው እርጥብ ኦክ የሚሸጥበትንም ነገረን።

እርጥቡ ሲመጣ ነገሩ ሌላ ሆነ። እንጨቱ ከሳጥኑ ሲወጣ ያለህ ጊዜ ግማሽ ደቂቃ ነው። በጓንት ውስጥ መዳፍህ ይቃጠላል፣ መነጽርህ በእንፋሎት ይሸፈናል። አንዱን ጫፍ ከታች ትሰካና በጉልበትህ እየገፋህ፣ በእጅህ እያጣመምክ ከጎኗ ጋር ታስተኛዋለህ። ለዚያች ግማሽ ደቂቃ ያ ግትር እንጨት እንዳልከው ይሆንልሃል፤ ከዚያ ማሰብ ይጀምራል። ሳያስብ በሞርሳ ቆልፈህ ካልያዝከው አለቀ። አጎቴ ሞርሳውን እያሽከረከሩ በምፅዋ ቋንቋ ይሳደባሉ፤ ጣልያንኛና ዓረብኛ የገባበት፣ ለልጆች የማይነገር። የመጀመሪያው ጎድን ሳይሰበር ቁጭ ሲል ሽማግሌው አናጢ ከማዶ መዶሻውን ሁለት ጊዜ ጣውላ ላይ አንኳኳ። ከዚያ ሰው የሚገኘው ጭብጨባ ያ ነው።

ምስማሩ ግን ይበልጥብኛል። የመዳብ ምስማር ከውጭ ገብቶ በውስጥ ይወጣል። በውስጥ ያለው ሰው ትንሽ የመዳብ ሮንዴላ ያጠልቅበታል፣ ትርፉን በፒንሳ ይቆርጣል፣ ጫፉን በትንሽ መዶሻ ቀስ አድርጎ እየቀጠቀጠ ያንጠፋዋል። በውጭ ያለው ከባድ ብረት ምስማሩ ራስ ላይ ደግፎ ይይዛል። ሁለቱ አይተያዩም፤ በመሐላቸው ጣውላ አለ። አጎቴ ውስጥ፣ እኔ ውጭ። “ያዝክ?” ይላሉ። “ያዝኩ።” ቷ ቷ ቷ። በምስማርና በምስማር መሐል ደግሞ ማውራት ጀመሩ። በእሑድ ምሳ ላይ፣ በፋሲካ ላይ፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ያላወሩትን ያን ሁሉ ዘመን በጣውላ ውስጥ አወሩት። ሐምሌ ላይ የሞተር ክፍሉ ብረት በባዶ እጅ እንደማይነካ፣ ሳንቡቆች የሻርክ ዘይት ሲቀቡ ሽታው ወደቡን አልፎ ከተማ እንደሚገባ፣ ሸሚዛቸውን ለመተኮስ ስለሚከፍሉት ገንዘብ፣ ስለ አንዲት የቡና ቤት ባለቤት። “የመን የገባን ሌሊት፣” አሉ አንድ ቀን፣ “የግራው ሞተር ድምፁ ተለወጠብኝ። ወርጄ ሳየው፣ ያዝክ?” “ያዝኩ።” ቷ ቷ ቷ ቷ። “እኔ ግን አላጠፋሁትም” አሉ። የመሐሉን አልሰማሁትም። መልሼ ብጠይቃቸው “ነገርኩህ እኮ” ይላሉ፤ እስከ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ከዕለታት በአንዱ ምሳ ላይ መርከባቸውን አሜሪካኖች ቀድሞ “ኦርካ” ይሏት እንደነበር ለሽማግሌው አናጢ ነገሩት። ሽማግሌው ዳቦውን አስቀመጠ። “ኦርካ? የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ መርከብ? እሷማ የተሠራችው ሃውተን ነው፣ ሌክ ዋሽንግተን ላይ” አለ። እውነት ነው። በጥቅምት 1942 እ.ኤ.አ. ወደ ውኃ የገባችው ከከርክላንድ አጠገብ ነው፤ ጦርነቱን በፓስፊክ አሳልፋ በጥር 1954 ዓ.ም. ነው ለእኛ የተሰጠችው። ያ ቦታ ከአጎቴ ቤት በመኪና ሩብ ሰዓት አይሞላም። ሲኖሩበት ኖረው አያውቁም ነበር።

ወሰድኳቸው። ዛሬ ካሪሎን ፖይንት ይባላል፤ ሆቴል፣ ምግብ ቤት፣ የመስታወት ቢሮዎች፣ ነጫጭ የፋይበር ጀልባዎች። አጎቴ መጀመሪያ የመኪና ማቆሚያውን ዋጋ አንብበው እንደ ሙያ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ወደ ውኃው ዳር ሄደው ቆሙ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ራቅ አልኩ። “ከዚህ ሐይቅ እንዴት አድርገው አወጧት?” አሉ። “በባላርድ በሮች ነዋ፤ ሌላ መውጫ የለም” አልኳቸው። ብዙ አሰቡ። “ገመዷን ማን ያዘላት ይሆን?” አሉ።

የባሕር ዳር ኑሮ የሚባለውን ነገር ሰው ሲያወራው ፀሐይ መግባትና ነፋስ ብቻ ነው። የእኔ ትልቁ ችግር ሸርጣን ነበር። የግቢው ሰዎች ደጎች ናቸው፤ ወጥመዳቸውን በሳቡ ቁጥር ሁለት ሦስት ትልልቅ ሸርጣን በባልዲ ያመጡልሃል። እዚያ አገር ይህ ከፍቅርም በላይ ነው። እኔ ደግሞ እናቴ “ክንፍና ቅርፊት የሌለው” የሚለውን አስጠንቅቃ ያሳደገችኝ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ የማውቀው ዓሣ የጣና ቆሮሶ ነው። አልበላም ብል ይከፋቸዋል፣ ብቀበል ምን ላድርገው? አመስግኜ እቀበላለሁ፣ ሲጨልም ባልዲውን ይዤ እንጨት መወጣጫው ጫፍ ላይ እሄድና ወደ ባሕሩ እመልሳቸዋለሁ። በማግስቱ “እንዴት ነበር?” ሲሉኝ “አልቋል” እላለሁ፤ ውሸት የለበትም። ይህ ሸርጣን እንደሚወድ ሰው አስቆጠረኝና ባልዲው በዛ። አጎቴ አለመብላቴን ሰዎቹ እንዳያዩብኝ ይሸፋፍኑልኝ ጀመር፤ በኋላ እንደሰማሁት ግን እሳቸው ራሳቸው ምፅዋ ሳሉ ይበሉ ነበር።

ወደ ውኃ የማስገቢያዋ ቀን ደረሰ። አንድ ነገር ያልነገርኳችሁ አለ። ፖርት ታውንሰንድ በኦሎምፒክ ተራሮች ጥላ ሥር ስላለች ከሲያትል ጋር ስትነጻጸር ደረቅ ናት። ዝናብ ያበሰበሳት ጀልባ እዚያ ቆማ ስትደርቅ ጣውላዋ ተሸማቆ ቀን ብርሃን በመገጣጠሚያዎቹ ያሳይ ጀመር። እንዲህ የተደራረበ ጣውላ መሐሉ ጥጥ አይጠቀጠቅበትም፤ ውኃ ጠጥቶ አብጦ ራሱን ነው የሚዘጋው። እስኪያብጥ ድረስ ግን ወንፊት ነው። ማንሻው በሁለት ሰፊ ቀበቶ አንሥቶ ውኃው ላይ ሲያወርዳት ባሕሩ በየስፌቷ ገባ። እኔ ውስጥ ቆሜ ካልሲዬ ሲርስ ቀለሙን፣ ቬርኒሹን፣ ያን ሁሉ የብርጭቆ ወረቀት አሰብኩ። ሌሊቱን በቀበቶው ላይ እንደተንጠለጠለች አደረች። አጎቴ ሁለት ፓምፕ አያያዙ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበው መወጣጫው ላይ ተቀመጡ፣ ቤት ሂዱ ብላቸው “ፈረቃዬ ነው” አሉኝ። ሲነጋ የፓምፑ ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄዶ ከሩብ ሰዓት አንዴ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ጢማሞቹ መጥተው አዩ። ሁሉም ቀድሞም እንደሚሆን ያውቁ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ባላወራው ደስ ይለኝ ነበር፤ ባለቤቴ ግን ለሰው ሁሉ ስለምታወራው ከእኔ ብትሰሙት ይሻላል። ጥሩ ነፋስ ባለበት በአንድ ቀን አጎቴና እኔ ወደ ማሮስቶን ደሴት ወጣን። ሸራው ሞላ፣ ሞተሩ ጠፋ፤ አጎቴ መሪውን ይዘው ከኮፍያቸው ሥር ሲፈግጉ አይቻለሁ፣ ይካዱ። ከደሴቱ ጀርባ የተዘጋ፣ የተኛ ውኃ አለ። መልህቅ ጣልን፣ ቡና አፈላን፣ ምሳ በላን፣ እንቅልፍ ወሰደን። እኔ ያደግሁት ሐይቅ ዳር ነው። ጣና ማታ ካስቀመጥክበት ጠዋት ታገኘዋለህ። እዚህ ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፤ በጎደለ ቀን ከሦስት ሜትር በላይ ይወርዳል። ሰዓቱ በሠንጠረዥ ታትሞ ይሸጣል። ሠንጠረዡ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ያነበብኩት የትናንቱን መስመር ነው። የቀሰቀሰኝ ጀበናው ነው፤ እንደ ልማዱ ተንሸራቶ መጣ።

ጀልባዋ በብረቷ ጭቃው ላይ ቆማ፣ በግራ ጎኗ ተኝታ፣ ዙሪያዋን አንድ ጠብታ ውኃ የለም። የባሕር ሣር፣ ዛጎል፣ የሚሯሯጡ ትናንሽ ሸርጣኖች፤ በባልዲ የመለስኳቸው የእነዚያ ሸርጣኖች ዘመዶች። አጎቴ በተጋደመው ግድግዳ ላይ ወጥተው ተቀመጡ። ሞተሯን አዩ፤ አየር ላይ ተንጠልጥላለች። “እሷ ጥፋት የለባትም” አሉ። እኔ መልስ አልነበረኝም። ስልኬ ጠራ፤ ባለቤቴ ናት። “የት ደረሳችሁ?” አለች። “መሬት” አልኳት።

ሲመሽ አንዲት አሮጊት በላስቲክ ቦት ጫማ፣ ውሻ አስከትላ በጭቃው ላይ መጣች። ዞረችን። ውሻው የመልህቁን ገመድ አሸተተ። እንደዚያ አገር ሰው ወግ ስለ ጀልባዋ መልክ አመስግና ከጨረሰች በኋላ፣ ችግር አለ ወይ ስትል ጠየቀች። አጎቴ ከግድግዳቸው ላይ ሆነው በዚያ ቆራጣ እንግሊዝኛቸው፣ “ምንም ችግር የለም፣ አውቶቡስ እየጠበቅን ነው” አሏት፤ ቀጥለውም በአገጫቸው ወደ እኔ ጠቆሙ፤ “ሾፌሩ ይኸው።”

“ስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?” አለች።

“ማታ አራት ሰዓት” አልኳት።

ሴትዮዋ ወደ ባሕሩ ማዶ አየች፣ ወደ ሰዓቷ አየች። “ዛሬ ነፋሱ ከደቡብ ነው፤ ትንሽ ይዘገያል” ብላ ውሻዋን ጠርታ ሄደች። አጎቴ የተረፈውን ዳቦ ለሁለት ቆርሰው ሰጡኝና፣ ሠንጠረዡን ከኪሴ አውጥቼ እንዳቀብላቸው እጃቸውን ዘረጉ።